ስማርት ነው፤ አይሰማም እንጂ!

እንደው ይቺ «ኔትወርክ የለም» የምትባል ነገር እንዴት ያለች ምቹ ቃል መሰለቻችሁ! ድሮ ጉዳይ ይዘን ቢሮ ስንሄድ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ነበር የምንባለው። ስብሰባ ደግሞ ቢረዝም ቢረዝም ማለቁ አይቀርም፤ ኃላፊውም ሰው ናቸውና ኮሪደር ላይ ቆመን ጠብቀን፣ ካልሆነም ዘመድ አፈላልገን እናገኛቸው ነበር። ከዚያ «ፋይሉ የለም» መጣ። እሱም ቢሆን መዝገብ ቤት አለው፤ መዝገብ ቤቱም ቁልፍ የያዘ፣ ስም ያለው ሰው አለው። ቀጥሎ «ሲስተም የለም» ተባልን። እዚህ ላይ ነገሩ መጥበቅ ጀመረ፤ ሲስተም ምን እንደሚመስል አይተን አናውቅምና ማንን እንደምንጠይቅ ጠፋን። አሁን ደግሞ «ኔትወርክ የለም» ላይ ደርሰናል። ኔትወርክ ደጅ አይጠናም፣ አማላጅ አይላክበትም፣ አይከሰስም። በሰበብ ታሪካችን ውስጥ ባለቤት የሌለው ሰበብ ቢኖር ይኸው ነው።

ቃሏ ቢሮ ብቻ ብትቀር አንድ ነገር ነበር። የኔ ጉዳይ ዛሬ ቤታችን ድረስ ገብታ ግድግዳችን ላይ መሰቀሏ ነው። የመብራት ቆጣሪ ላይ ማለቴ ነው። «ስማርት» የሚባለው ቆጣሪ፣ ከሩቅ የሚነበበው፣ ከሩቅ ብር የሚሞላበት፣ ከሩቅ የሚዘጋውና የሚከፈተው፣ አንድ ቀን መስማት ሲያቆም ማን ነው ተጠያቂው? ጥያቄው የቴክኒክ ሰዎች ብቻ ይመስላል። አይደለም፤ የእንጀራ ጥያቄ ነው። እንጀራ ስል ደግሞ ለአነጋገር ያህል አይደለም፤ እውነተኛውን እንጀራ ማለቴ ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኤሌክትሪክ አገራችን የገባው በ1890 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። ያን ጊዜ የተጠቃሚው ቁጥር ትንሽ ስለነበር ማን ስንት አበራ ብሎ የሚጨቃጨቅ አልነበረም። መብራት ወደ ሰፊው ሕዝብ ቤት ሲወርድ ግን ቆጣሪ ተከትሎ መጣ። ያንን በመስታወቱ ውስጥ ጠፍጣፋ ክብ ነገር የሚሽከረከርበትን ቆጣሪ ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። ልጆች ሆነን «ሲፈጥን ብር ይበላል» እየተባልን እንደ ጉድ እናየው ነበር። በየወሩ ደግሞ ደብተር የያዘ ሰው በር ያንኳኳል። «ቆጣሪ!» ይላል፤ ውሻ ይታሰርለታል፤ ቁጥሩን ጽፎ ይሄዳል። በር ተዘግቶ ካገኘ ግምት ይገባል፤ ግምት ከገባ ጭቅጭቅ አይቀርም። ዳሩ ግን የምትጨቃጨቀው ከሰው ጋር ነው። «አንተ ልጅ፣ ባለፈው ወር አልመጣህም» ትለዋለህ፤ እሱም ወይ ያምናል ወይ ይክዳል።

ከዚያ የካርድ ቆጣሪ መጣ። ቅድሚያ ከፍሎ መጠቀም ማለት ነው። ደንበኛው ካርዱን ይዞ ወደ አገልግሎት መስጫ ይሄዳል፣ ያስሞላል፣ ቤቱ ተመልሶ ቆጣሪው ውስጥ ይከታል። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ያ ቆጣሪ ከማንም ጋር በአየር አይነጋገርም። መልእክቱን ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ግድግዳው የሚያደርሰው የደንበኛው እግር ነው። ኔትወርኩ እኛው ነበርን ማለት ይቻላል። ሰልፉ ያደክማል፣ ታክሲው ያስወጣል፣ እሑድ ማታ ካለቀ ሰኞን በሻማ መጠበቅ አለ። ቢሆንም ካርዱ በእጅህ ከሆነና ከተሞላ ነገሩ አበቃ፤ መብራቱ ይበራል።

አሁን የመጣው ሦስተኛው ትውልድ ነው። በብዙ አገር ቤት ለቤት የተዘረጋው፣ በእኛም አገር መጀመሪያ ብዙ ኃይል ለሚጠቀሙት ለኢንዱስትሪ ደንበኞች የተተከለው፣ ከሩቅ የሚነበበው ቆጣሪ። ውስጡ ሁለት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ይቆጥራል፤ ሌላው ያወራል። የሚቆጥረው ክፍል ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም፤ ገመዱ ውስጥ ኃይል ባለፈ ቁጥር መዝገቡ ላይ ይጨምራል። የሚያወራው ክፍል ነው ሲም ካርድ ወይም የራዲዮ መሣሪያ የያዘው። እንግዲህ «ቆጣሪው ኔትወርክ የለውም» ሲባል «አይቆጥርም» ማለት አይደለም። ይቆጥራል፤ አይናገርም፣ አይሰማም። ደንቆሮም ዲዳም የሆነ፣ ግን አንዲት ሳንቲም የማያመልጠው ገንዘብ ያዥ በሉት።

ጦር ኃይሎች የምትኖሩ ሰፈሩን ታውቁታላችሁ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና ከአያት የሚመጣው የቀላል ባቡር መስመር ምዕራባዊ ማብቂያው እዚያ ነው። ከሆስፒታሉ ወዲያና ወዲህ፣ ወደ ኮልፌም ወደ ቤተልም ስትገቡ፣ ዋናው ቤት ፊት ለፊት፣ ተከራዩ ጀርባ ላይ በተርታ የሆነባቸው ግቢዎች ሞልተዋል። ከነዚህ በአንዱ፣ እኔም ደጋግሜ በምገባበት ግቢ ውስጥ፣ ሰባት ተከራይ አለ። ለዘመናት ሰባቱም በአንድ ቆጣሪ ነበር የሚጠቀሙት።

አንድ ቆጣሪ ለሰባት ቤት ምን እንደሆነ ላልኖረበት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ወር ሲደርስ ሒሳቡ በአምፖል ይካፈላል። «ባለ ሁለት አምፖሏ ይህን ያህል፣ ፍሪጅ ያለው ይህን ያህል፣ ቴሌቪዥን ያለው ይህን ያህል።» ከዚያ ስለላው ይጀመራል። ማን ነው ሌሊት ካውያ የሰካው? ማን ነው ምድጃ ደብቆ ያስገባው? የዚያች ልጅ ፀጉር ማድረቂያ ሲጮህ አልሰማችሁም? ቡና ጠጥተው የተሳሳሙ ጎረቤታሞች በመብራት ሒሳብ ሰላምታ ይተጋገዳሉ።

አከራዩ ጋሼ (ግቢው ሁሉ እንዲህ ነው የሚላቸው) ይኼ ነገር ሰለቻቸውና ለየቤቱ ለየራሱ ትንንሽ ቆጣሪ ገዝተው አስተከሉ። የዋናው ቆጣሪ ልጆች በሏቸው። ያውም ስማርት! ተከራይ በስልኩ ብር ይልካል፣ ቆጣሪው በሲም ካርዱ መልእክቱን ይቀበላል፣ መብራት ይሰጣል። ሲያልቅ ደግሞ ራሱ ይዘጋል። ጭቅጭቅ የለም፣ ስለላ የለም። ግቢው ተደሰተ። ሻጩ ያመጣው ባለሙያ በደረጃው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ሰቅሎ ሰባቱንም ደረደራቸው፤ ሞከራቸው፤ ሁሉም ሠሩ። ተጨበጨበለት። ከዚያ የሣጥኑን በር ቆልፎ ሄደ።

እናላችሁ፣ ችግሩ የሣጥኑ በር ሲቆለፍ ተቆለፈ። ቆርቆሮ የራዲዮ ሞገድ አያሳልፍም። ከላይ የሲሚንቶ ደረጃ፣ ከጎን ግንብ፣ ዙሪያውን ብረት። ለዚህ የፊዚክስ ትምህርት አያስፈልገንም፤ ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ ሁላችንም የየቤታችንን የኔትወርክ ካርታ በቃላችን እናውቃለን። መኝታ ቤት ጥግ ላይ የለም፣ መስኮቱ ጋ ሁለት መስመር አለ፣ በረንዳ ላይ ሙሉ ነው። «ቆይ ወጣ ብዬ ልደውልልህ» የሚለው ቃል ከ«ጤና ይስጥልኝ» ባልተናነሰ የምንለው ነው። ቆጣሪ ግን በረንዳ አይወጣም። የተሰቀለበት ጨለማ ውስጥ ሆኖ «አልሰማህም፣ አልሰማህም» ሲል ይኖራል።

ከተከራዮቹ አንዷ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታከፋፍል እናት ናት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይስባል። በቀን ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ በወር ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ የእሷ ቆጣሪ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያልቀው። አንድ ሌሊት፣ ሊጡ ደርሶ፣ ምጣዱ ግሎ፣ አሥረኛው እንጀራ ላይ ድርግም አለባት። ስልኳን አንስታ ብር ላከች። «ክፍያዎ ተሳክቷል» የሚል መልእክት መጣ። መብራቱ ግን አልመጣም።

ወደ አከራይ ሄደች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ በዚህ ሰዓት። ብሩን ልኬያለሁ፤ ይኸው መልእክቱ።»

«አየሁት ልጄ፤ ገብቷል።»

«ታዲያ መብራቱስ?»

«እኔ ምን ላድርግሽ? ኔትወርክ ነው።»

ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። በማግስቱ ለሻጩ ደወሉ። «አባባ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ኔትወርክ ነው» አላቸው። የሲም ካርዱ ባለቤት ጋ ተደወለ። «በአካባቢዎ የተመዘገበ ችግር የለም» ተባሉ። ሁሉም እውነቱን ነው የተናገረው! ብሩ ገብቷል፣ ዕቃው ጤነኛ ነው፣ ኔትወርኩም አለ፤ ውጭ። ሁሉም እውነቱን በተናገረበት ግቢ ውስጥ አንዲት ሴት በከፈለችበት መብራት ጨለማ ውስጥ ተቀምጣለች። ሊጥ ደግሞ ኔትወርክ አይጠብቅም፤ ይኮመጥጣል። የኮመጠጠ እንጀራ ያስረከበች ጋጋሪ ደግሞ ደንበኛ እንጂ ሲግናል አይደለም የምታጣው።

አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለካ እንዲህ ላለው ጊዜ ኖሯል። የገዛችው ኃይል አለ፤ የሆነ ኮምፒዩተር ውስጥ፣ በስሟ፣ በትክክል ተጽፎ። ምጣዱ ጋ ብቻ ነው የሌለው።

መፍትሔውን ያገኙት ልጆች ናቸው። የሣጥኑን በር ከፈት ሲያደርጉት ቆጣሪው ይሰማል! ከዚያ ወዲህ የግቢው ደንብ ይኼ ሆነ፤ ብር የላከ ሰው ሣጥኑን ከፍቶ ይቆማል። ውሎ አድሮ ደግሞ ማን እየከፈተ ማን ይዘጋል ተባለና ሣጥኑ ክፍቱን ማደር ጀመረ። ሕፃናት በሚሯሯጡበት፣ ክረምት ሲመጣ ውኃ በሚንጠባጠብበት ደረጃ ሥር፣ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ሣጥን አፉን ከፍቶ ያድራል። ለምን? እንዲሰማ! እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ ከቀልድ አልፎ የሚያስፈራው። ሰው ክፉ ሆኖ ወይም አላዋቂ ሆኖ አይደለም ለአደጋ የተጋለጠው፤ የተሰጠው ዕቃ በደህና ተዘግቶ መሥራት ስለማይችል ነው። በመጨረሻ የሰፈሩ አንድ ባለሙያ መጥቶ አንቴናውን በአንዲት ቀዳዳ አውጥቶ ውጭ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ከግማሽ ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ነበር። በሩ ተዘጋ፤ ቆጣሪዎቹም ሰሙ።

«ታዲያ ተፈታ፣ ምን ትጨቀጭቀናለህ?» ትሉኝ ይሆናል። የምጨቀጭቃችሁ ይኼ የአንድ ግቢ ታሪክ ብቻ ስላልሆነ ነው። በሠለጠነው ዓለምም ያለ ነው። እንግሊዝ አገር ሁሉም ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. ስማርት ቆጣሪ እንዲቀርብለት ታቅዶ ነበር፤ አልደረሰም። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጡ የመንግሥት አኃዞች እንደሚያሳዩት ደግሞ ከተተከሉት ውስጥ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉት እንደ ስማርት አይሠሩም ነበር። ግድግዳ ላይ ተሰቅለው እንደ ድሮው ቆጣሪ በዓይን ይነበባሉ። በደቡቡና በመካከለኛው ክፍል በሞባይል ኔትወርክ፣ በሰሜኑና በስኮትላንድ ደግሞ ሩቅ በሚሄድ ራዲዮ ነው የሚገናኙት። ግንቡ ወፍራም የሆነ አሮጌ ቤት፣ ምድር ቤት፣ ገጠር፣ ተራራ ሥር ያለ መንደር፤ እዚያም ያው ነው። ግንብ የሀብታም አገርም ቢሆን ግንብ ነው።

ጣልያኖች ሌላ መንገድ ሄዱ። ኤኔል የሚባለው የመብራት ድርጅታቸው እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከ30 ሚሊዮን በላይ ቆጣሪ ሲተክል መልእክቱን በአየር ሳይሆን በራሱ በመብራቱ ገመድ ላከው። ቆጣሪው በገመዱ እስከ መንደሩ ትራንስፎርመር ድረስ ያወራል፤ እዚያ ያለው መሣሪያ የሁሉንም ሰብስቦ ወደ ማዕከል ይልካል። አያችሁ፣ ቆጣሪው ባለበት ሁሉ ገመድ አለ! ጣራ፣ ግንብ፣ ቆርቆሮ አያግደውም። በእርግጥ የራሱ ጣጣ አለው፤ ገመዱ ላይ የሚፈጠር ረብሻ መልእክቱን ሊያውከው ይችላል። ቢያንስ ግን ጨለማ ደረጃ ሥር የተሰቀለ ቆጣሪ ሰማይ ላይ አያንጋጥጥም።

ደቡብ አፍሪካውያን ደግሞ ከሁሉም ቀላሉን አገኙ። በእነሱ የተጀመረውና በብዙ የአፍሪካ አገሮች የተስፋፋው የቅድሚያ ክፍያ ስልት ሲም ካርድ አይፈልግም። ትከፍላለህ፣ 20 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጥሃል፣ ቁጥሩን ቆጣሪው ላይ ባሉት ቁልፎች ትመታለህ፣ ይበራል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ብትጽፈው፣ እህትህ ከሌላ ከተማ በስልክ ብታነብልህ ቆጣሪው ግድ የለውም። እነሱም ቢሆኑ ከጣጣ አላመለጡም። ቁጥሩ ውስጥ ያለው የጊዜ መቁጠሪያ ሞልቶ በኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለሚያበቃ፣ ከዚያ በፊት በየቤቱ ሁለት ሁለት ባለ 20 አሃዝ ቁጥር አስገብቶ ቆጣሪውን ማደስ ግድ ሆኖ ነበር። ያላደሰ ሰው አዲስ የገዛውን መሙላት አይችልም። የማያልቅበት ማሽን የለም፤ ነገር ግን እዚያ መፍትሔው የሰውየው ጣት ላይ ነበር።

ከነዚህ ሁሉ እኔ የምይዘው አንድ ነገር ነው። የማንኛውም ስማርት ነገር ስማርትነት የሚለካው ሲሰማ በሚሠራው አይደለም፤ መስማት ሲያቆም በሚያደርገው ነው። ቆጣሪ መልእክት ሲያጣ ሦስት ነገር ማድረግ ይችላል። አንደኛ፣ ድርግም ብሎ መዝጋት። ሁለተኛ፣ «እስኪሰማኝ ድረስ እሰጥሃለሁ፤ ቆይተን እንተሳሰባለን» ብሎ የተወሰነ ዱቤ መስጠት። ሦስተኛ፣ «በእጅህ ቁጥር አስገባልኝ» ማለት። ከሦስቱ የትኛውን እንደሚያደርግ የሚወስነው ኔትወርኩ አይደለም። ቆጣሪውን የሠራው፣ ያዘዘው፣ የገዛው ሰው ነው። ስለዚህ ኔትወርክ መጥፋቱ አደጋ ሊሆን ይችላል፤ መብራቱ መጥፋቱ ግን ውሳኔ ነው። ውሳኔ ደግሞ ወሳኝ አለው፤ ወሳኝ ደግሞ ስም አለው። «ኔትወርክ የለም» የምትለዋ ቃል የምትደብቀው ይህንኑ ስም ነው።

ነገሩን ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ እዩት። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ቆይቷል። ያን ጊዜ የየቤታችን መብራት በኢንተርኔት ፈቃድ የሚበራ ቢሆን ኖሮ ምን እንሆን ነበር? ደግሞም የስልኩ ማማ ራሱ የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ሲጠፋ፣ ባትሪው ሲያልቅ፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲጨርስ ማማው ዝም ይላል። ማማው ዝም ካለ ቆጣሪው አይሰማም። ቆጣሪው ካልሰማ መብራቱ ቢመጣም ለከፈለው ሰው አይከፈትም። መብራት ኔትወርክን ይጠብቃል፣ ኔትወርክ መብራትን ይጠብቃል፤ ሁለቱ «አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም» ሲባባሉ መሃል ላይ የቆመው ባለ ምጣዱ ነው።

ሌላም አለ፤ እሱ ደግሞ ኪስ ይነካል። የመኖሪያ ቤት ታሪፋችን በእርከን ነው። ብዙ የተጠቀመ ለአንዷ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ከፍ ይላል፤ ዝቅተኛው እርከን በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲከለስ እዚህ እርከን ውስጥ ያለ ቤተሰብ ጭማሪው እንዳይነካው የተደረገው ድሃውን ለመደጎም ነበር። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ በየሩብ ዓመቱ እየተጨመረ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ማሻሻያ ተጀምሯል። እንግዲህ አስቡት፤ በወር 45 የምትጠቀም አንዲት ጡረተኛ እናት አለች። ቆጣሪዋ አራት ወር ዝም ብሎ ከርሞ በአምስተኛው «180» ብሎ ቢናገርና ያ ሁሉ የአንድ ወር ፍጆታ ተደርጎ ቢታሰብ፣ ድጎማ የሚገባት ሴት ከባለ ፍሪጅና ከባለ ምድጃ ጎን ተሰለፈች ማለት ነው። ጥፋቷ ምንድን ነው? ግድግዳዋ ወፍራም መሆኑ! ሒሳቡ ለየወሩ ተከፋፍሎ ሊታሰብላት ይገባል፤ ይህም በባለሙያው ቸርነት ሳይሆን በተጻፈ ደንብ መሆን አለበት።

የእኛ የሰባቱ ተከራዮች ጉዳይማ የባሰ ነው። ትንንሾቹ ቆጣሪዎች ለየብቻ ቢቆጥሩም ሒሳቡ የሚሰላው በዋናው ቆጣሪ ነው። የሰባት ቤት ፍጆታ ሲደመር ደግሞ መቼም ከ50 በታች አይሆንም። አንድ አምፖልና አንድ ራዲዮ ያለው የቀን ሠራተኛ ምጣድ ካላት ጋር ተደምሮ በከፍተኛው እርከን ይከፍላል። ድጎማው ተበጅቷል፤ በጀርባ ቤት ለሚኖረው ግን አይደርሰውም። ይህን ደግሞ አንቴና አይፈታውም። ስማርት ቆጣሪ ሰቅለን ጭቅጭቁን አጠፋን ስንል፣ ትልቁን በደል በጥንቃቄ በቁጥር ለክተን አስቀመጥነው እንጂ አላነሳነውም።

አንዳንዱ አንባቢ «ይኼ ሰውዬ ሥልጣኔ ጠላ፤ ደብተር የያዘውን ሰው ናፈቀ» ሊል ይችላል። ኧረ በፍጹም! ከሩቅ የሚነበብ ቆጣሪ ብዙ ጥቅም አለው። መብራት የጠፋበትን ሰፈር ደዋይ ሳይጠብቅ ያሳያል። የሚሰረቅ ኃይል የት እንደሚፈስ ያመለክታል። ግምት የሚባለውን ነገር ያስቀራል። ካርድ ይዞ መሰለፍን ያስቀራል። ለዚህ ሁሉ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ መሰማትና መስማት። ያ ሳይረጋገጥ አዲሱን መስቀል «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ነው። ካርዱ ቢያንስ በብብታችን ነበር።

ስለዚህ ቆጣሪ ለሚገዛም፣ ለሚሸጥም፣ ለሚተክልም፣ ደንብ ለሚያወጣም የምለው ይህ ነው። ቆጣሪው ከመሰቀሉ በፊት ቦታው ላይ ሲግናል ይለካ፤ ያውም የሣጥኑ በር ተዘግቶ። የሚለካውም የተከላው ቀን ፀሐይ ላይ ቆሞ ሳይሆን ቆጣሪው በሚኖርበት ጨለማ ውስጥ ነው። ሲግናል ከሌለ አንቴናው ይውጣ፣ ወይም ገመዱን ይጠቀሙ፣ ወይም ሌላ ዓይነት ቆጣሪ ይምጣ። በእጅ ቁጥር ማስገቢያ የሌለው ቆጣሪ አይገዛ። ከሌሊት የሚዘጋ ቆጣሪ አይኑር፤ እስኪነጋ የሚያደርስ ዱቤ ይኑረው። «ክፍያዎ ተሳክቷል» የሚለው መልእክትም ብሩ ሲገባ ሳይሆን መብራቱ ሲደርስ ይላክ። ሻጭ ብሩን መቀበሉን ነው «ስኬት» የሚለው፤ ገዢ ግን ዕቃውን መቀበሉን ነው። ገበያ ወጥታ ቲማቲም የምትገዛ ልጅ እንኳ ይህን ልዩነት ታውቀዋለች።

ለእኛ ለተጠቃሚዎች ደግሞ፤ ቆጣሪያችንን ማንበብ እንልመድ። በየወሩ መጀመሪያ ቁጥሩን በስልካችን ፎቶ እናንሳ፤ ቀኑ አብሮ ይቀመጣል። የቆጣሪውን መለያ ቁጥር ጽፈን እንያዝ። የከፈልንበትን መልእክት አናጥፋ። ማሽኑ ዝም ባለበት ወር የሚናገርልን ያ ፎቶ ብቻ ነው። ሣጥኑን ግን ከፍታችሁ አትነካኩ፤ ልጆችም ይስሙ። የሚገድለው ኤሌክትሪክ ኔትወርክ አይፈልግም።

የመጨረሻው ነገር «ኔትወርክ ነው» ስንባል የምንመልሰው መልስ ነው። እስካሁን «አይ፣ ኔትወርክ ከሆነማ…» ብለን አንገታችንን ነቅንቀን እንመለሳለን። ጎርፍ ነው፣ መብረቅ ነው እንደተባልን ሁሉ። ኔትወርክ የሰው ሥራ ነው፤ ሰው ተክሎታል፣ ሰው ዋጋ ይቀበልበታል፣ የማይደርስበትንም ቦታ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ በትሕትና አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ «እሺ፣ ኔትወርክ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ መብራቴ እንዲጠፋ የወሰነው ማን ነው?»

ይህን ጥያቄ ሰባት ሰው ቢጠይቀው መልስ ላይገኝለት ይችላል። ሰባት ሺህ ሰው ከጠየቀው ግን ቆጣሪው ባይሰማ እንኳ የሆነ ሰው መስማቱ አይቀርም።

ቸር ያሰማን!